ከሁለተኛው ውኃ በኋላ

አሰበ ተፈሪ፣ ጥር 22 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኢርሻድ፣ በምትሠራበት ቃሊቲ ፋብሪካ

አሰላሙ ዓለይኩም። እኔ፣ ባለቤቴ እህትህ ዙህራ፣ ልጆቹ፣ አባትህም ጭምር አልሓምዱሊላህ ደህና ነን።

«ደብዳቤውን ማን ጻፈልህ?» ብለህ በመጠየቅህ አልተቀየምኩም። ትንሽ ብቻ ነው የተቀየምኩት። ይህን የምታየውን ፊደል ሁሉ የጻፍኩት እኔ ሙሜ ነኝ፤ በገዛ እጄ፣ በገዛ እስክሪብቶዬ። የማታ ትምህርቱን ከሠላሳ አራት ሰው ሁለተኛ ሆኜ ጨረስኩ። አንደኛ የወጣችው ድሮ ሦስተኛ ክፍል ድረስ የተማረች ሴት ናት፣ ስለዚህ እሷ አትቆጠርም። መምህርት ትዕምርት «ሙሜ፣ አንተ ስትጽፍ ሰሌዳው ይጠብሃል» ብላኛለች። ጥፋቱ የሰሌዳው ነው። ልጄ ኢንሳፍ ደግሞ በቁቤ ነው የምትማረው፤ እኔ የጻፍኩትን እሷ አታነብም፣ እሷ የጻፈችውን እኔ አላነብም። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ምሁር ተኮራርፈን ተቀምጠናል።

አሁን ወደ ጉዳዩ። አንተ አምስቱን ገንዳ ተክለህ፣ «ከእንግዲህ ሂርና ሄደህ ጫት መጫን ቀረልህ» ብለህ ሥራውን አስተምረኸኝ ከሄድክ ሁለት ዓመት ሆነ። አንድም አልረሳሁም። በቃሌ ልበልልህ፦ የእግር ድጋፍ የሚሆነው የአልሙኒየም ዘንግ መጀመሪያ ሶዳ ውስጥ ይገባል፣ ቆዳው ይገፈፋል። ከዚያ የመጀመሪያው ውኃ። ከዚያ አሲድ። ከዚያ ሁለተኛው ውኃ። ከዚያ ተንጠልጥሎ ይንጠባጠባል። በመጨረሻ ቢጫው ገንዳ ውስጥ ይነከርና ወርቅ መስሎ ይወጣል። በአሰበ ተፈሪ ከእኔ በቀር ይህን የሚያውቅ ሰው ካለ ይምጣና ይሞግተኝ።

ታዲያ ያለፈው ወር ጭነት ተመለሰ። ሆስፒታሉ «አንቀበልም» ብሎ ላከው። ዘንጎቹ አንዳንዱ ቦታ ላይ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁረዋል፣ ደግሞ የምስር ፍሬ የሚያህል ነጠብጣብ ወጥቶባቸዋል። ነጠብጣቡ ባለበት ቦታ ቢጫው አይዝም፤ ላብ ሲነካው ይበላል፣ ድጋፉን የሚያስረውን ልጅ እግር ይልጣል አሉ። የድርጅቱ ባለቤት እትዬ ተሾመች ዘንጎቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድራ «ሙሜ፣ ሦስት ጊዜ ከተመለሰብን ክፍሉን እዘጋለሁ፤ ገንዳዎቹ ድሬዳዋ ይሄዳሉ፤ ጌታ ምስክሬ ነው ወድጄ አይደለም» አለችኝ። አንዱ ተቆጥሯል፤ ሁለት ቀርቶናል።

እኔ አልፈራሁም። ቢሆንም ቶሎ ጻፍልኝ።

ወንድምህ፣ ባለሙያው ሙሜ


ቃሊቲ፣ የካቲት 3 ቀን 1992 ዓ.ም.

ወንድሜ ሙሜ

ወዓለይኩም ሰላም ወረሕመቱላህ። ጽሕፈትህን ለጓደኞቼ አሳየሁ፤ «የስንት ሜትር ርቀት ማንበቢያ ነው?» አሉኝ። ኮርቻለሁ፣ በአላህ።

ሶዳው ዘንጉን ማጥቆሩ ጥፋት አይደለም፣ ጠባዩ ነው። ጥላሸቱን አጥቦ ማውጣት ያለበት አሲዱ ነው። ስለዚህ የምጠይቅህን በተራ መልስልኝ። ዘንጎቹን የምታንጠለጥለው በምን ሽቦ ነው? ከሶዳ አውጥተህ ውኃ እስክታስገባ ስንት ድረስ ትቆጥራለህ? ጓንት ታደርጋለህ? ወደ ክፍሉ የሚገባው ማን ማን ነው? በተለይ ከሁለተኛው ውኃ በኋላ ተጠንቀቅ። ያን ጊዜ ብረቱ ራቁቱን ነው፤ የነካው ሁሉ ይቀርበታል።

አባቴን፣ አባኮን ሳምልኝ። ጉልበታቸው እንዴት ነው? አሁንም ማለዳ ማለዳ ይራመዳሉ?

ኢርሻድ


አሰበ ተፈሪ፣ የካቲት 14 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኢርሻድ

ሰላምታዬ እንዳለፈው ነው፣ እንዲያውም ጨምሮበታል።

በተራ እመልሳለሁ። ስለ ሽቦው የጠየቅኸኝ ነገር ግን ትንሽ አሳፍሮኛል። አንተ የተውክልኝ የአልሙኒየም ሽቦ ልስልስ ሆነብኝ፣ ይበጠስብኛል። እኔም ብልህ ነኛ፣ ከተቃጠለ የኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ መዳብ አወጣሁ፤ ጠንካራ፣ የሚያምር፣ ቀይ። «ኢርሻድ ያላሰበውን እኔ አሰብኩ» እያልኩ ለሁሉ አወራሁ። ደብዳቤህ ሲመጣ ወደ አሲዱ ገንዳ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ወደ አረንጓዴ አድልቷል! መዳቡ አሲዱ ውስጥ ሟሙቶ፣ ተመልሶ ዘንጌ ላይ እየተቀመጠ ኖሯል። አሲዱን ቀየርኩ፣ መዳቡን ጣልኩ፣ ጥቁረቱ ጠፋ። ስለዚህ ግማሹን በሽታ ያዳንኩት እኔ ነኝ፤ ያመጣሁትም እኔ መሆኔን ለእትዬ ተሾመች አትንገር።

ከሶዳ እስከ ውኃ አምስት እቆጥራለሁ፣ ፈጥኜ ነው የምቆጥረው። ጓንት አደርጋለሁ።

ነጠብጣቡ ግን አልጠፋም። ወላሂ አልጠፋም። ሁለተኛው ጭነትም ትናንት ተመለሰ። የቀረን አንድ ነው።

ማን ይገባል ላልከው፦ እኔ። አንዳንዴ እትዬ ተሾመች፣ እሷም አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ ከበሩ አታልፍም። ደግሞ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ማለዳ ይመጣሉ። ዘንጎቹ ከሁለተኛው ውኃ ወጥተው ሲንጠባጠቡ ፊት ለፊታቸው ቆመው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ኤባ ያደርጋሉ። «ይህን ብረት የሚያስረው ልጅ ይነሣ። ይራመድ። እናቱ ከገበያ ስትመለስ ደጅ ወጥቶ ይቀበላት» ብለው ይመርቃሉ። ከዚያ እንደ አገራችን ደንብ ነው፤ ቱፍ! ቱፍ! ቱፍ! እኔም አሚን እላለሁ። እሳቸው ሳይመርቁት የወጣ ዘንግ የለንም።

አባትህ ይራመዳሉ። ብዙ ነው የሚራመዱት።

ሙሜ


ቃሊቲ፣ የካቲት 25 ቀን 1992 ዓ.ም.

ወንድሜ ሙሜ

የመዳቡን ነገር ለማንም አልነገርኩም፤ ለስድስት ሰው ብቻ።

ሽማግሌው ላይ ቆም አልኩ። ምራቅ ጨው አለበት። ጫት የያዙ ከሆነ ደግሞ የጫቱም ጭማቂ አለበት። ራቁቱን የቆመ ብረት ላይ ትንሽ ጠብታ ካረፈች ቢጫው እዚያ ቦታ ላይ አይዝም። የምስር ፍሬ ያህላል አላልከኝም? ልክ የሚያህለው ያንን ነው።

ግን በግምት ሰው አይከሰስም። ይህን አድርግ፦ አሥራ ሁለት ዘንግ አዘጋጅ። ከሁለተኛው ውኃ ሲወጡ ስድስቱን ንጹሕ ላስቲክ ሸፍን፣ ስድስቱን ክፍት ተዋቸው። ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው ይመርቁ። ከዚያ ሁሉንም አንድ ላይ ቢጫው ውስጥ ንከርና የወጣውን ጻፍልኝ። ሌላ ምንም አትቀይር።

ለአረፋ አልመጣም፤ ፈረቃ አስገቡኝ። አባኮን ይቅርታ ጠይቅልኝ።

ኢርሻድ


አሰበ ተፈሪ፣ መጋቢት 10 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኢርሻድ፣ ዒድ ሙባረክ

በአረፋ የአንተን ድርሻ ሥጋ እኔ በላሁልህ። ከባድ ነበር፣ ተወጣሁት።

ያልከውን አደረግኩ። ስድስቱ ሽፍን ዘንጎች ወርቅ ሆነው ወጡ፤ መልክህን ታይባቸዋለህ። ስድስቱ ክፍቶች ፈንጣጣ እንደያዘው ሰው ሆኑ። ሁለት ጊዜ ቆጠርኳቸው። እንዲህ ያለ ነገር ሲሳካ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ግን ወጥቼ በር ላይ ተቀመጥኩ።

ኢርሻድ፣ ሌላ መንገድ የለም ወይ? እኔ አንዱን ሞክሬአለሁ። ዘንጎቹን ሁሉ ላስቲክ አለበስኳቸው። ሽማግሌው መጡ፣ አዩ፣ ላስቲኩን በከዘራቸው ቀስ አድርገው ገለጡት። «ዋሪያ ሙሜ፣ ኤባ በላስቲክ ላይ ይደረጋል እንዴ? ሙሽራ እንኳን ስትመረቅ ትገለጣለች» አሉኝ። ሳቅሁ። ምን ላድርግ?

ቢጫው ካለቀ በኋላ ይምረቁልን አልኳቸው። «ካለቀ በኋላማ ምኑን? ገና ሲፈጠር ነው እንጂ የሚመረቀው» አሉ። ይህንን ሰው ክርክር አትችለውም፤ እኔን ነው የምልህ፣ መርካቶ ላይ ያደገ ደላላ የማይችለኝን ሰውዬ።

አንተ የተማርክ ነህ። ምራቅ የሚያወጣ ሌላ ዱቄት፣ ሌላ አሲድ አይጠፋም። እሱን ላክልኝ።

ስለ አባትህ ለጠየቅኸው፦ ለአረፋ ባለመምጣትህ አልተቆጡም። «ሥራ ላይ ነው፣ አላህ ይርዳው» አሉ።

ሙሜ


ቃሊቲ፣ መጋቢት 18 ቀን 1992 ዓ.ም.

ሙሜ

ምራቅ የሚያወጣ አሲድ የለም። አንድ ጭነት ቀርቶሃል። እሱ ከተመለሰ ክፍሉ ይዘጋል፣ አንተም ሂርና ትሄዳለህ፣ በአርባ አምስት ዓመትህ ጀርባህ ላይ ጫት ትሸከማለህ። ዙህራ የእኔ እህት ናት፤ ይህንን ቁጭ ብዬ አላይም።

ሽማግሌው ማንም ይሁኑ ማን፣ ወደ ክፍሉ አይግቡ። በአክብሮት ንገራቸው። እምቢ ካሉ የባለቤቷ ትእዛዝ ነው በል። እሱንም እምቢ ካሉ በሩን ቆልፍ። ባለሙያ ነኝ ትል የለም? ባለሙያ እንዲህ ያለ ቀን ላይ ነው የሚታወቀው።

ሲፈጸም ጻፍልኝ።

ኢርሻድ


አሰበ ተፈሪ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለኢርሻድ

ተፈጽሟል። በሩ መሸጎሪያ ተገጥሞለታል። ሽማግሌው አይመጡም።

እንዴት እንደነገርኳቸው አትጠይቀኝ።

ከዚያ ወዲህ ከነከርኩት ሃያ ዘንግ አሥራ አንዱ ንጹሕ ወጣ። እትዬ ተሾመች «ሃሌ ሉያ፣ መሻሻል አለ» ብላለች። ዘጠኙ ግን ነጠብጣብ አለባቸው። ምናልባት የድሮው ምራቅ አየሩ ውስጥ ቀርቶ ይሆናል። ይህ ቀልድ ነው። ጥሩ አልወጣም።

ሙሜ


አሰበ ተፈሪ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኢርሻድ

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ወረቀት የሚቀድ ሰው ድሮ ስመለከት «ጻፍኩ ለማለት ነው» እል ነበር።

ዙህራ በጫት መኪናው ሹፌር በጂብሪል በኩል የላከችልህን ቃል ሰምተሃል። «እውነት ነው ወይ? አንድ ቃል ብቻ ጻፍልኝ» ብለሃል። እውነት ነው። ሽማግሌው አባትህ አው ዓሊዩ ናቸው። ሌላ ማን ይሆናል? ክፍሉን የተከልከው አንተ ነህ፤ እሳቸው ማለዳ የሚመጡት የልጃቸውን ሥራ ሊመርቁ ነበር። «ኢርሻድ ቃሊቲ ሄዶ፣ የሠራው ነገር እዚህ ቆሟል፤ ሳልመርቀው እንዴት ላልፍ?» ይሉኝ ነበር።

ለምን ደበቅሁህ? መጀመሪያ ላይ፣ ይስቃል ብዬ ነው። ቀጥሎ ደግሞ፣ ካወቀ «ተዋቸው፣ ይምረቁ» ይላል፣ ክፍሉም ይዘጋል ብዬ። አንተ አባትህን መርጠህ እኔ ሂርና እንዳልሄድ ነው። ይኸው፣ ጻፍኩት።

እንዴት እንደነገርኳቸውም ልጻፍልህ፣ ካሁን በኋላ ምን ልደብቅ። በአክብሮት ንገራቸው ብለሃል። አክብሮቱ አልመጣልኝም። ደጁ ላይ ደግሞ ብየዳ ክፍል ያሉት እነ ጉርሜሳ ሻይ ይዘው ቆመዋል። ቁም ነገር ስፈራ ወደ ቀልድ እንደምሮጥ ታውቃለህ። በሩን በእግሬ ያዝ አድርጌ «አው ዓሊዩ፣ የእርስዎ ዱዓ እኮ አሲድ ሆነብን! እኛ በአምስት ገንዳ ያላቃጠልነውን ብረት እርስዎ በሦስት ቱፍታ አቃጠሉት!» አልኳቸው።

ሁሉም ሳቁ። ጉርሜሳ ሻዩን ደፋ።

አባትህም ሳቁ። «እህ! እንዲህ ሆነ?» አሉ። ከዚያ አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት። ጠረጉትና ወደ ኋላ ሦስት እርምጃ ሄደው ቆሙ፤ እዚያ ቦታ ሆነው እንኳን ትንፋሻቸው ብረቱን ይጎዳው ይሆን ብለው እንደሚሰጉ ዓይነት። «አላወቅኩም ነበር ልጄ። ይቅር በሉኝ» አሉና ሄዱ።

በማግስቱ ወደ ቦኬ፣ ታናሽ እህታቸው ኩብራ ቤት ሄዱ። ትንሽ ጊዜ ልቀመጥ ነው ያሉት። እስካሁን አልተመለሱም።

አሁን ዋናው ነገር። ትናንት ሃያ አራት ዘንግ ነከርኩ። በሩ ተሸጉሯል። ማንም አልገባም። እኔ ራሴ አፍና አፍንጫዬን በጨርቅ አስሬ ነው የሠራሁት። ሃያ አራቱም ነጠብጣብ ሆነው ወጡ። አንድም ንጹሕ የለም።

እትዬ ተሾመች እስከ ሰኔ መጨረሻ ቀን ሰጥታኛለች። ስድብ ካለህ ጻፍ፣ አነበዋለሁ። ማንበብ ችያለሁ።

ሙሜ


ቃሊቲ፣ ግንቦት 1 ቀን 1992 ዓ.ም.

ሙሜ

የምሰድብህ ነገር የለኝም።

ያንተን ደብዳቤ ሳነብ፣ የየካቲቱን አውጥቼ አጠገቡ አስቀመጥኩት። «እናቱ ከገበያ ስትመለስ ደጅ ወጥቶ ይቀበላት» የሚል ምርቃት ጽፈህልኛል። እኔ በአራት ዓመቴ ታምሜ ስተኛ አባኮ ያን ነበር የሚሉኝ፤ ከሌላ ሰው አፍ ሰምቼው አላውቅም። አላወቅሁም አልልህም። የካቲት ላይ ሳነበው አንድ ነገር ነካ አደረገኝ፣ እኔም ገጹን ገለበጥኩት። መልሱ ስለ ጨውና ስለ ጠብታ ስለነበር፣ ልክ የሆንኩ መሰለኝ። «ማንም ይሁኑ ማን» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

አሁን አንድ ጥያቄ ብቻ መልስልኝ፣ ሳታሳምር። በአሥራ ሁለቱ ዘንግ የሞከርክ ቀን፣ የምትሸፍናቸውን ስድስት ዘንጎች እንዴት መረጥካቸው? ከነጠብጣባሞቹም አንዱን በጂብሪል ላክልኝ፤ ከሁሉ የከፋውን።

ፈቃድ ጠይቄ ነበር። እስከ ሐምሌ አይሆንም አሉኝ።

ኢርሻድ


አሰበ ተፈሪ፣ ግንቦት 9 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለኢርሻድ

ሳላሳምር እመልሳለሁ።

ቆንጆ ቆንጆዎቹን መረጥኩ። ለአንተ የሚጻፍ ሙከራ ስለሆነ የተሸፈኑት እንዲያኮሩኝ ፈለግሁ። ከታችኛው መደርደሪያ፣ ልስልስና ነጣ ያሉትን፣ በመጀመሪያው መኪና የመጡትን ስድስት አነሣሁ። ክፍት የተውኳቸውን ከበሩ አጠገብ ካለው ክምር ወሰድኩ፤ እነሱ ኋላ የመጡት፣ ሻከር ብለው ጠቆር ያሉት ናቸው። «ሌላ ምንም አትቀይር» ብለኸኝ ነበር። እኔ የቀየርኩ አልመሰለኝም። ዘንግ ዘንግ ነው ብዬ።

ከመጀመሪያው መኪና የቀሩት በመጋቢት መጨረሻ አለቁ። አሥራ አንዱ ንጹሖች የመጨረሻዎቹ ነበሩ። አሁን ያለን ሁሉ ሻካራው ነው። ይህን እየጻፍኩ ሳለ ምን እንደጠየቅኸኝ እየገባኝ ነው፤ እንዳይገባኝ ብዬ ፈጥኜ ልዘጋው።

ዘንጉን ጂብሪል ይዞታል። በጋዜጣ ጠቅልዬዋለሁ።

ሙሜ


ቃሊቲ፣ ግንቦት 24 ቀን 1992 ዓ.ም.

ወንድሜ ሙሜ

ዘንጉ ደረሰኝ። በመጋዝ ከመካከሉ ቆረጥኩት። የውስጡን ፊት በሞረድ አለሰለስኩትና ሶዳ አንጠባጠብኩበት። ይህ የብረቱ ሆድ ነው፤ ከቀለጠበት ቀን ጀምሮ ማንም አልነካውም፣ ማንም አልተነፈሰበትም። ትንሽ ጠበቅሁ። ነጠብጣቦቹ አንድ በአንድ ወጡ፤ እዚያው፣ ውስጡ፣ እንደ ምስር።

ኋላ የመጡት ዘንጎች ከልዩ ልዩ ቁርጥራጭ፣ ከድስት፣ ከሞተር ፒስተን ቀልጠው የተሠሩ ናቸው። የማይስማማ ነገር ተቀላቅሎባቸዋል። ሶዳው ላዩን ሲገፍ ያንን ገለጠው እንጂ አላመጣውም። የትኛውም ገንዳ አያድነውም። ለእትዬ ተሾመች ንገራት፦ ከመጀመሪያው ነጋዴ፣ እንደ መጀመሪያው ያለ ዘንግ ታምጣ፤ ነጠብጣቡ ይጠፋል። ለእሷ የተቆረጠውን ግማሽ ልኬልሃለሁ፣ አሳያት።

አባኮ ምንም አላበላሹም። አንድም ዘንግ። እኔ በደብዳቤ ፈረድኩ፣ አንተ በቀልድ ፈጸምከው፤ ብረቱ ከመጀመሪያውም እንዲያ ነበር።

ከዚህ ጋር ሌላ ደብዳቤ አለ። ለእሳቸው ነው። ማንበብ እንደማይችሉ ታውቃለህ። ቦኬ ሂድና አንተ አንብብላቸው። እኔ የጻፍኩትን እንዳለ አንብብ፣ ምንም አትጨምር። ከዚያ ፊታቸው ምን እንደሚመስል ጻፍልኝ።

ኢርሻድ


አሰበ ተፈሪ፣ ሰኔ 23 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኢርሻድ

አሰላሙ ዓለይኩም።

በመጀመሪያ የምሥራቹን። እትዬ ተሾመች የተቆረጠውን ዘንግ አይታ አለቀሰች፤ ሻካራውን የገዛችው እሷ ናትና። አዲሱ ዘንግ መጣ። ነከርኩት። ሠላሳ ስድስቱም ወርቅ ሆነው ወጡ። ሆስፒታሉ ተቀበለ፣ «እንዲህ ነው እንጂ» የሚል ቃል ላከ። ክፍሉ አይዘጋም። ሂርና አልሄድም። ይህን ዜና በሌላ ጊዜ ብጽፍልህ ኖሮ አራት ገጽ ይወጣው ነበር።

ቦኬ የሄድኩት ባለፈው ቅዳሜ ነው። የገበያ ቀን ስለነበር መኪናው ፍየልና ሰው ለይቶ አልጫነም። አባትህ ኩብራ ቤት፣ ግቢው ውስጥ ካለው ዋንዛ ሥር ቁርበት ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጉልበታቸው ደህና ነው። ከስተዋል፣ ብዙ አይደለም። ሲያዩኝ ተነሥተው አቀፉኝ። «ሙሜ! ብረቱስ? ዳነ?» አሉኝ፣ ከልጆቹም ከዙህራም በፊት።

ደብዳቤህን አነበብኩላቸው። ቆሜ ነው ያነበብኩት፣ መምህርት ትዕምርት ፊት እንደምናነበው። አንድ ቦታ ላይ ድምፄ እምቢ አለኝ፣ አንተ ስለ ልጅነትህ ሕመም የጻፍክበት ላይ። እሳቸው «ቀጥል ልጄ፣ ፊደሉ ጠፍቶህ ነው?» አሉኝ። አዎ አልኩ። ፊደሉስ አልጠፋኝም ነበር።

አንብቤ ጨረስኩ። ከዚያ «ከብረቱ ውስጥ ነው አለ?» አሉ። ከውስጡ ነው አልኩ። «አልሓምዱሊላህ። ልጆቹን እግራቸውን የላጥኩት እኔ እየመሰለኝ ነበር» አሉ። ይህንን ነበር ለካ ሦስት ወር የተሸከሙት። እኔ ተቀይመው ነው ብዬ፣ መቀየማቸውን እንዴት እንደማበርድ ነበር መንገድ ሙሉ ያሰብኩት። ቅያሜ አልነበረም። እግሬ ላይ ወደቅሁ፤ ማለቴ እግራቸው ላይ። አነሡኝ። «አንተም ኢርሻድም ምን አጠፋችሁ? የመሰላችሁን ነው» አሉኝ። አፉ ብለዋል፣ ይቅር ብለዋል፣ ለሁለታችንም። ፊታቸው ምን ይመስላል ላልከው፣ ደስ ብሏቸው ነበር። እዚህ ላይ ብዘጋው ደስ ይለኛል። ግን ምንም አትጨምር ብለኸኛል፣ ስለዚህ መቀነስም የለብኝም።

ምሳ በልተን እንደጨረስን አንዲት ጎረቤት የአርባ ቀን ሕፃን ይዛ ገባች፣ ኤባ እንዲያደርጉላት። ሕፃኑን ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። እጃቸውን ዘረጉ። «እደግ፣ ቁም፣ ለእናትህ ኑርላት» አሉ፤ ድምፃቸው የድሮው ነው። እኛም አሚን አልን። ከዚያ ቱፍ የሚሉበት ቦታ ደረሰ። አፋቸውን ከፈቱ፣ የሕፃኑን ፊት አዩ፣ አፋቸውን ዘጉ። በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት። ሴትዮዋ ጠበቀች። ኩብራ መሬት መሬት አየች፤ እሷ ለምዳዋለች። አባትህ ሕፃኑን መለሱላት፣ ሴትዮዋም አመስግና ሄደች፤ ቅር ያላት ይመስለኛል፣ ያልተጨረሰ ነገር ይዛ እንደምትሄድ።

እኔም «አው ዓሊዩ፣ ደብዳቤውን ሰምተዋል እኮ። ምራቁ አይደለም። ኢርሻድ ቆርጦ አይቶታል» አልኳቸው።

«ሰምቻለሁ ልጄ፣ አምኜማለሁ። ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ስመርቅ፣ የት እንደሚያርፍ አያለሁ። እሱን ሳይ ዱዓው ይጠፋኛል» አሉኝ።

ቀልድ ፈለግኩ። መላ ቦኬን፣ ዋንዛውን፣ ፍየሎቹን አየሁ። አንድም አጣሁ።

ወደ አሰበ ተፈሪ እንዲመለሱ ለመንኳቸው። «ክረምቱ ይውጣና» ብለዋል። በሩን ክፍት ትቼዋለሁ፣ መሸጎሪያውን ነቅዬዋለሁ አልኳቸው። «ጥሩ፣ አየር ይገባበታል» አሉ።

አንተ ሐምሌ ላይ ፈቃድ ካገኘህ እኔ ጋ አትምጣ። በቀጥታ ቦኬ ሂድ። ምን እንደምትላቸው እንድነግርህ አትጠይቀኝ፤ እኔ ያለኝን ሁሉ ብያለሁ፣ ያንተንም አንብቤያለሁ።

ሙሜ